ጭስና እሳትን በካሜራ መለየት፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው ለእርስዎ ቦታ ይሆናል?

ካሜራ የተገጠመለት መጋዘን ሲቃጠል ቀረጻውን ሰው የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ነው፤ እሱም ሃርድ ዲስኩ ከተረፈ። ካሜራው ካየ አይቀር «ጭስ አለ» ብሎ እንዲጮህ ማድረግ እንግዲህ ደህና ሐሳብ ነው። ችግሩ ገበያ ላይ «እሳት ያውቃል» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዱ በካሜራው ቺፕ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ሶፍትዌር። ሦስተኛው ሙቀት የሚያይ ቴርማል ካሜራ ነው። አራተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ኮርኒስ ላይ የሚለጠፈው ተራ ስሞክ ዲቴክተር ነው።

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። እዚህ ቦታ እሳት ቢነሳ ቀድሞ የሚታየው ጭሱ ነው ወይስ ነበልባሉ? ማታስ መብራት አለ? «መብራት» ስንል ሁለቱንም ነው፤ አምፖሉንም ኤሌክትሪኩንም።

የሚቃጠለው ምንድን ነው?

የታሸገ ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ካርቶንና ወረቀት ነበልባል ሳያሳዩ ለረጅም ጊዜ ይጤሳሉ። ለእነሱ የሚፈለገው ስስ ጭስ የሚያይ ነገር ነው። የስፖንጅ ፍራሽ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ከተያያዘ በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱን በጥቁር ጭስ ይሞላዋል። አልኮል ጭስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰማያዊ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለዓይን ይሰወራል፤ ተራ ካሜራ እዚህ ብዙ አይረዳም። የኑግ ፋጉሎ፣ ቅባት የነካው ጨርቅና የድንጋይ ከሰል ክምር ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ከውስጥ የመጋል ጠባይ አላቸው።

በአውሮፓ የኢኤን 54 ደረጃ (የእሳት መለያ መሣሪያዎች መመዘኛ) ውስጥ የመፈተኛ እሳቶቹ የተለያዩት ለዚሁ ነው። ቲኤፍ 2 በጋለ ሳህን ላይ የሚጤስ እንጨት፣ ቲኤፍ 3 የሚጤስ የጥጥ ክር፣ ቲኤፍ 4 ስፖንጅ፣ ቲኤፍ 5 ደግሞ ሄፕታን የተባለ ፈሳሽ ነዳጅ ነው። ሻጩን «እሳት ያውቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ያውቃል ይላል። «ከእነዚህ በየትኛው ተፈተነ?» ሲባል ግን ወሬው ያጥራል።

ቺፑ ካሜራው ውስጥ ሲሆን

በዚህ መደብ የታወቀው የቦሽ አቪዮቴክ ነው፤ ለእሳት ተብሎ የተሠራና ቪዲኤስ በተባለው የጀርመን ተቋም የጸደቀ ካሜራ። አራኒ የተባለው የቤልጅየም ድርጅትም በአክሲስ ካሜራዎች ላይ የሚጫን «ስሞክካቸር» የሚባል ፕሮግራም አለው። ትልቁ ጥቅማቸው ምስሉን ሳይጨመቅ ማየታቸው ነው። ስስ ጭስ ማለት በግድግዳው ቀለም ላይ የሚታይ ትንሽ መደብዘዝ ነው፤ ምስሉ ተጨምቆ በኔትወርክ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ሰርቨሩ ቢቆም እያንዳንዱ ካሜራ ራሱን ችሎ ይሠራል።

ጉዳታቸው ዋጋቸው ነው። ርካሽ ካሜራዎች ሜኑ ላይ «ፋየር ዲቴክሽን» የሚል ምልክት ስላለ ብቻ ግን ተመሳሳይ ናቸው ማለት አይደለም። ብርቱካናማ ቀለምንና ድምቀትን ብቻ የሚያዩ አሉ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ ባለፈ ቁጥር ይጮሃሉ። ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ይታይ። የጭስና የነበልባል ሴቲንግ ለየብቻ ነው ወይ? ከካሜራው ጀርባ የአላርም መውጫ ገመድ አለ ወይ? ዝቅተኛው የብርሃን መጠን በሉክስ (በብርሃን መለኪያ) ተጽፏል ወይ? ሦስተኛው ካልተጻፈ ማታ አይሠራም ብሎ መገመት ይሻላል።

ሶፍትዌር፦ ያሉትን ካሜራዎች መጠቀም

አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ይህን ነው፤ ካሜራዎቹ ተሰቅለዋል፣ ኮምፒውተር መጨመር ብቻ ይቀራል። ስህተት የሚበዛውም እዚሁ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ዝግጁ ሞጁል ያለው ሶፍትዌር ነው። ዜኦማ ለምሳሌ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ የጭስና እሳት ሞጁሉን ስክሪኑ ላይ ከካሜራው ሳጥን ጋር እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ነው። ሞጁሉ በየትኛው የፈቃድ ደረጃ ውስጥ እንዳለ አስቀድሞ ይጠየቅ፣ በሙከራ ሁኔታም በራስ ካሜራ ይሞከር። ሁለተኛው የራስን ሞዴል (ከብዙ ምስል ተምሮ ነገር የሚለይ ፕሮግራም) የሚቀበል ሶፍትዌር ነው፤ ነጻው ፍሪጌት፣ ወይም በዊንዶውስ የሚሠራው ብሉ አይሪስ።

ፍሪጌትን የሚጭን ሰው አንድ ነገር ይወቅ። አብሮት የሚመጣው ሞዴል የሠለጠነው ኮኮ በተባለው የምስል ስብስብ ነው። ስብስቡ 80 ዓይነት ነገር ያውቃል፤ ሰው፣ መኪና፣ ውሻ፣ ጃንጥላ፣ ሙዝ ሳይቀር። እሳትና ጭስ ግን የሉበትም። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ «እሳት» ብሎ መጻፍ ምንም አያመጣም፤ በእሳትና በጭስ የሠለጠነ ሞዴል መጫን ግዴታ ነው። ለሥልጠና በነጻ ከሚገኙት ዲ-ፋየር የተባለው ስብስብ 21,527 ምስሎች አሉት። ከእነዚህ 9,838ቱ እሳትም ጭስም የሌለባቸው ናቸው፤ ዋጋው ያለው እነሱ ላይ ነው፤ ሞዴሉ ደመናን፣ የፀሐይ መጥለቅንና የመኪና መብራትን እሳት እንዳይል የሚማረው ከእነሱ ነው። ከራስ ቦታ 300 ወይም 500 «ምንም የሌለባቸው» ፎቶዎች መጨመር ብዙ የሐሰት ጩኸት ይቀንሳል፤ በሌሊት የተነሡት፣ አቧራ ያለባቸውና እንፋሎት ያለባቸው ይካተቱ። ለደንበኛ የሚገጥም ባለሙያ ፈቃዱንም ይይ፤ ዮሎ የተባለው የአልትራሊቲክስ ሞዴል ኮድን ክፍት ማድረግን በሚያስገድደው የኤጂፒኤል 3.0 ፈቃድ ነው የሚሰጠው፣ ኮዱን ዘግቶ መሸጥ የሚፈልግ የንግድ ፈቃድ ይገዛል።

ሌላው የተደበቀ ችግር እንቅስቃሴ ነው። ፍሪጌትም ብሉ አይሪስም የማሽኑን ጉልበት ለመቆጠብ መጀመሪያ እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ፣ ሞዴሉን የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀስ ብሎ የሚወጣ ጭስ እንቅስቃሴ አይመስልም፤ ሶፍትዌሩ «ዳራው ተቀየረ» ብሎ ይለምደዋል። ስለዚህ ጭስ ለሚቀድምባቸው ቦታዎች እንቅስቃሴ ሳይጠብቅ በየሰከንዱ ወይም በየሁለት ሰከንዱ አንድ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሞዴሉ የሚልክ አሠራር ይመረጣል። ከካሜራው በአርቲኤስፒ (ቪዲዮ በኔትወርክ የሚላክበት መንገድ) ምስል የሚወስድ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ይህን ይሠራል፤ ፍሪጌት ቀረጻውን ብቻ ይያዝ።

አሁን ወደ ፒክስል እንምጣ፤ ግማሹ ገጠማ የሚከሽፈው እዚህ ነው። ባለ 4 ሚሊሜትር ሌንስ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ20 ሜትር ርቀት ወደ 36 ሜትር ስፋት ያያል። ምስሉ 1,920 ፒክስል ስፋት አለው፤ ብዙ ሞዴል ግን ከማየቱ በፊት ወደ 640 ያሳንሰዋል። 640 ለ36 ሲካፈል በአንድ ሜትር 18 ፒክስል አካባቢ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነበልባል እንግዲህ 5 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ ሞዴሉ አያየውም። 8 ሜጋፒክስል ካሜራ መግዛት ይህን አይፈታም፣ እሱም ወደ 640 ይወርዳልና። የሚፈታው ወይ ጠባብ ሌንስ ነው፤ 12 ሚሊሜትር ሲሆን ያው ርቀት 10 ሜትር ገደማ ስፋት ይሰጣል፣ ነበልባሉም 20 ፒክስል ያህል ይሆናል። ወይ ደግሞ ምስሉን በ4 ቆርጦ እያንዳንዱን ለየብቻ ማስመርመር ነው።

መቁረጡ ጉልበት ይበላል፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። 8 ካሜራ፣ በሰከንድ 2 ፍሬም፣ 4 ቁራጭ፦ በሰከንድ 64 ምርመራ። ማሽኑ አንዱን ምርመራ ከ15 ሚሊሰከንድ በታች መጨረስ አለበት ማለት ነው። ካልቻለ ፍሬሙን ወደ 1 ያውርዱት እንጂ ቁራጩን አያስቀሩ። ልዩነቱ ግን ይታወቅ፦ አንዳንድ ሶፍትዌር ነበልባልን የሚለየው በመንቀጥቀጡ ነው። መንቀጥቀጡ በሰከንድ እስከ 10 ጊዜ ስለሚደርስ ካሜራው በሰከንድ ከ20 ፍሬም በላይ መላክ አለበት። እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር በ5 ፍሬም ማሠራት ዓይኑን መሸፈን ነው።

የካሜራውን ሴቲንግ በተመለከተ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. «ስማርት ኮዴክ» ወይም ኤች 265 ፕላስ የሚለውን ያጥፉ፤ የማይንቀሳቀሰውን ክፍል አደብዝዞ ይልካል፣ ስስ ጭስም አብሮ ይሄዳል።
2. የኖይዝ ቅነሳውን (የምስሉን ነጠብጣብ የሚያጸዳውን ሴቲንግ) ከተለመደው 50 ወደ 20 ወይም 30 ያውርዱ። ጭሱን እንደ ኖይዝ ያጸዳዋል።
3. ሳብ ስትሪሙ (ካሜራው የሚልከው አነስተኛ ምስል) 640 በ360 ከሆነ አይጠቀሙበት፤ ሜን ስትሪሙን (ሙሉውን ምስል) ይውሰዱ።
4. ቦታውን በዞን ይክፈሉ፤ መስኮት፣ ሰማይ፣ መንገድና የጀነሬተር ጭስ ማውጫ ከምርመራ ይውጡ።
5. የጭስና የነበልባል ደንብ ይለዩ። ለመነሻ፦ የእርግጠኝነት ደረጃ 0.5፤ ለነበልባል ከመጨረሻዎቹ 6 ፍሬሞች በ4ቱ ሲታይ፣ ለጭስ ደግሞ ለ15 ሰከንድ ሳይቋረጥ ሲቆይ።

በአንድ ፍሬም የሚጮህ ሲስተም በሳምንቱ ይጠፋል። የሚያጠፋው ደግሞ ዘበኛው ነው፤ አይፈረድበትም።

የእኛን አገር ሐሰተኛ ጭስ የውጭ ሞዴል አያውቀውም። ዕጣን፣ የቡና ቁላት፣ የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት፣ የከሰል ምድጃ፣ የዘበኛ ቤት እሳት፣ በክረምት ማለዳ አዲስ አበባ ላይ የሚወርደው ጉም፣ በዱቄት ፋብሪካ የሚነሳው ብናኝ። ወደ ግቢና ወደ መንገድ ለሚያዩ ካሜራዎች ደግሞ የቡሄ ችቦና መስከረም 16 የሚለኮሰው ደመራ አለ። መፍትሔው የእርግጠኝነት ደረጃውን ከፍ አድርጎ ሞዴሉን ማደንዘዝ አይደለም፤ ዞንና ሰዓት መመደብ ነው። ብየዳ ሲኖር ያ አንድ ካሜራ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይታገድ፣ ጊዜው ሲያልቅም ራሱ ይመለስ። በእጅ የሚመለስ ከሆነ ተረስቶ ይቀራል።

ሌሊት ሌላ ነገር ነው። ካሜራው ወደ ኢንፍራሬድ ሲቀየር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ በቀለም የሠለጠነ ሞዴል ግማሽ ዕውቀቱን ያጣል። ነበልባሉ ልክ እንደ ባትሪ ብርሃን ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ከሌንሱ ፊት ያለ የሸረሪት ድርም እንደ ጭስ ያበራል። ርካሹ መድኃኒት በመጋዘኑ ውስጥ ሌሊቱን የሚበራ ባለ 10 ወይም 20 ዋት ኤልኢዲ መተውና ካሜራውን በቀለም እንዲቆይ ማስገደድ ነው።

ቴርማል ካሜራ

ይህ ብርሃን አይፈልግም፤ የሚያየው ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን የሙቀት ሞገድ ነው። ለፋጉሎ፣ ለድንጋይ ከሰል፣ ለቆሻሻ ክምር፣ ለኤሌክትሪክ ቦርድና ለማሽን ቤሪንግ የሚስተካከለው የለም፤ ነበልባል ሳይኖር ገና ሲግል ያሳያል። ጭስን ግን አያይም። ለጨርቅ መጋዘን ከሆነ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ከካርቶን ጀርባ የሚጤስ ነገር ፊት ለፊት ካልታየው የለም።

እዚህም ፒክስል አለ። የፒክስል መጠኑ 12 ማይክሮሜትር የሆነ ሴንሰርና 3.2 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው 256 በ192 ካሜራ፣ ከ20 ሜትር ርቀት አንዱ ፒክስሉ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ሙቀቱን ለማመን ቢያንስ 3 በ3 ፒክስል ስለሚያስፈልግ የጋለው ቦታ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱ ከአካባቢው ጋር ተደባልቆ ዝቅ ብሎ ይነበባል።

ሦስት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ መስታወት አያሳልፍም፤ ከመስኮት ጀርባ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ሁለተኛ፣ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮና አልሙኒየም የራሳቸውን ሙቀት ሳይሆን የሌላውን ነጸብራቅ ያሳያሉ፤ ለመለካት ከተፈለገ ጥቁር ቀለም ወይም ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ይለጠፍባቸው። ሦስተኛ፣ በፀሐይ የጋለ ጣሪያ ቀትር ላይ 60 ዲግሪን ያልፋል። ስለዚህ ማንቂያውን በአንድ ቁጥር መትከል በድሬዳዋ አይሠራም፤ ጣሪያውን ከዞን አውጥቶ «ከአካባቢው በዚህን ያህል ዲግሪ ሲበልጥ» የሚለውን ደንብ መጠቀም ይሻላል። የካሜራው ትክክለኛነትም ይነበብ፤ ሙቀት ለመለካት የተሠሩት ብዙውን ጊዜ በ2 ዲግሪ ሲሳሳቱ፣ ለጥበቃ ብቻ የተሠሩት በ8 ዲግሪ ይሳሳታሉ። ክምር ውስጥ ያለውን ሙቀት ደግሞ የትኛውም አያይም፤ የሚያየው ገጹን ነው። ትልቅ የፋጉሎ ክምር ላለው ሰው ረጅም የብረት ቴርሞሜትር ክምሩ ውስጥ መሰካት አሁንም ይበልጣል።

ተራው ዲቴክተር፣ መጀመሪያ መገዛት ያለበት

ከላይ ያለው ሁሉ ይህን አይተካም። ኤንኤፍፒኤ 72 የተባለው የአሜሪካ ደንብ የቪዲዮ ጭስ መለያን በ2007 እትሙ ተቀብሏል፤ የተቀበለው ግን ለዚያ ተብሎ የጸደቀውን መሣሪያ ነው፣ በኮምፒውተር ላይ የተጫነ ሞዴልን አይደለም።

በብሪታንያው ቢኤስ 5839 ደንብ መሠረት አንድ ስሞክ ዲቴክተር በዙሪያው እስከ 7.5 ሜትር ርቀት ይሸፍናል፣ በሙቀት የሚጮኸው ሂት ዲቴክተር ደግሞ እስከ 5.3 ሜትር። የስሞክ ዲቴክተሩ የጣሪያ ከፍታ ገደብ 10.5 ሜትር ነው። ካሜራ የሚያሸንፈው ከዚያ በላይ ነው፤ በረጅም መጋዘን ጭሱ ከጋለው ቆርቆሮ በታች ሞቃት አየር አግኝቶ መሐል ላይ ይንሳፈፋል፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው ዲቴክተርም አይደርሰውም። ካሜራ ግን ከጎን ያየዋል። ኩሽና ውስጥ ስሞክ ሳይሆን ሂት ዲቴክተር ይሰቀል፤ ኤ1 የሚባለው ከ54 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ይጮሃል፣ በእንፋሎት አይሳሳትም።

ማን ይሰማዋል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ ቃጠሎ የተነሳው ምሽት ላይ ነበር። ተቆልፎ በተሄደበት ሱቅ ውስጥ የሚጮህ ሳይረን ለማን ነው? በዚያ ላይ ሲዘጋ ብሬከር የሚያወርድ ነጋዴ አለ፤ ለእሳት ጥንቃቄ ብሎ ነው፣ ትክክልም ነው፣ ግን ካሜራውም አብሮ ይተኛል። ለእንዲህ ያለ ሱቅ የካሜራና የኔትወርኩ መስመር ከሌላው ተለይቶ በራሱ ብሬከርና በባትሪ መሆን አለበት።

የባትሪው ሒሳብ፦ 8 ካሜራ በ7 ዋት 56 ዋት፣ ትንሽ ኮምፒውተር 80፣ ስዊችና ራውተር 20፤ በድምሩ 156 ዋት። ለ4 ሰዓት 624 ዋት-ሰዓት ነው፤ የኢንቨርተሩን ብክነት ሲጨምሩ 730 ገደማ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ከወሰድን 600 ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ያስፈልጋል። ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ለዚህ ነው ቺፑ ካሜራው ውስጥ ያለው መንገድ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዋጋውን የሚመልሰው።

መልእክቱ በሦስት መንገድ ይሂድ። ቴሌግራም ቦት ፎቶውን ለቡድን ይልካል፤ ፎቶ መኖሩ ባለቤቱ ከቤቱ ሆኖ እንፋሎት ይሁን ጭስ በ5 ሰከንድ እንዲለይ ያደርገዋል። ዳታ ሲቋረጥ ግን ቴሌግራም የለም፤ ሲም ካርድ ያለው ጂኤስኤም ሞደም አጭር ጽሑፍ ይላክ፣ ቀሪ ሒሳቡም በየወሩ ይታይ። ሦስተኛው ሬሌ (በሶፍትዌሩ ትእዛዝ ሳይረኑን የሚያበራ ማብሪያ) ነው፤ የውጭ ሳይረን ዘበኛው ወይም ጎረቤት በሚሰማበት ግድግዳ ላይ። ሶፍትዌሩ ራሱ አዲስ አበባ ላይ 939 እንዲደውል አይደረግ፤ ፎቶውን ያየ ሰው ይደውል፣ ቁጥሩም መልእክቱ ውስጥ ተጽፎ ይምጣ።

እንግዲህ የትኛው?

ለአነስተኛ ሱቅ ሶፍትዌር አይመከርም። ሁለት ባለ ባትሪ ስሞክ ዲቴክተር፣ በጂኤስኤም የሚደውል ትንሽ የአላርም ሳጥን፣ ያበቃል። ለጥጥ፣ ለጨርቅና ለካርቶን ረጅም መጋዘን በጀት ካለ የጸደቀ የጭስ ካሜራ፤ ከሌለ ቢም ዲቴክተር (ጭስ ከዳር እስከ ዳር የሚልከውን ጨረር ሲጋርደው የሚጮህ) እና፣ በላዩ ላይ ባሉት ካሜራዎች እንቅስቃሴ ሳይጠብቅ የሚመረምር ሶፍትዌር። ፋጉሎ፣ ከሰል ወይም የተጠራቀመ ቆሻሻ ላለበት ግቢ ቴርማል፤ ሌላው ይቆይ። ለሆቴል ኩሽናና ለዳቦ ቤት ሂት ዲቴክተር ብቻ፣ ካሜራውን ወደ ጋዝ ሲሊንደሩ ክፍል ያዙሩት። ለጀነሬተርና ለትራንስፎርመር ክፍል ቴርማልና ተራ ካሜራ የተጣመሩበት ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሙቀቱን ይለካል፣ ሌላው ለሰው ያሳያል።

መፈተን

የእሳት ቪዲዮ በስልክ ከፍቶ ሌንሱ ፊት መያዝ ፈተና አይደለም፤ ስልኩ ምስሉን ስለሚሞላው የርቀቱን ጥያቄ ያልፈዋል። የብረት ትሪ፣ አንድ ጭብጥ ጥጥ፣ አጠገቡ ማጥፊያና አንድ ሰው ይዘጋጁ። ጥጡ ሳይነድድ እንዲጤስ አድርጎ፣ ከካሜራው በጣም የሚርቀው ጥግ ላይ አስቀምጦ ሰዓት መያዝ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ዋናው መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራ አንድ ጊዜ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ሌንሱ ወይም ቦታው ይቀየር፤ የእርግጠኝነት ደረጃውን ማውረድ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ፈተናው ከክረምት በኋላ ይደገም፤ ሌንሱ በየወሩ ይጠረግ።

በፈተናው ሰዓት ጎረቤት እንዳይደነግጥ የሳይረኑ ገመድ ይነቀላል። ከመሄድዎ በፊት መልሰው መሰካትዎን ይዩ።